በዘይት የተዘጋጀ የከብት መርፌ በመደርደሪያ ላይ ሳይበላሽ እንዲቆይ

በአንድ የገበሬ ማኅበር የእንስሳት ጤና ኬላ፣ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ መደርደሪያ ላይ «08/2025» የሚል ቁጥር የታተመበት የመድኃኒት ብልቃጥ ተቀምጧል እንበል። ቁልፉን የያዘው ሰው ቁጥሩን ያያል። ዘመኑ 2018 ነው፤ ብልቃጡ የሚለው 2025 ነው። «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቁጥሩ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን 08 የሚለው የእነርሱን ስምንተኛ ወር፣ ማለትም ኦገስትን ያመለክታል። ያ ወር የሚያልቀው በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ ጊዜው ያለፈበት ዘመን ሳይለወጥ ነበር ማለት ነው።

በሬ ሲታመም ባለቤቱ ከፍሎ ያስወጋል። ሕመሙ ግን አይመለስም። በዚህ ጊዜ ሰው መድኃኒቱን፣ ባለሙያውን ወይም ዕድሉን ያማርራል እንጂ መደርደሪያውን የሚጠረጥር እምብዛም አይገኝም። በእርሻ ወቅት አንድ በሬ ወደቀ ማለት ጥማድ ፈረሰ ማለት ነው፤ ጥማድ ከፈረሰም መሬት ጦም ያድራል። ከዚህም ሌላ ኃይሉ የደከመ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መውጋት ጀርሙን ሳይገድል ያለማምደዋል፤ በኋላ ደኅናው መድኃኒት ሲመጣም ጀርሙ ይቋቋመዋል።

ገበሬ ማኅበር የሚለው ስም በ1967 ዓ.ም. ከታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጋር የመጣ ነው። ዛሬ አስተዳደሩ ቀበሌ ቢባልም በብዙ አካባቢ ሕዝቡ አሁንም በዚያው ስም ይጠራዋል። የስሙ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ መድኃኒት ማዘዝና መውጋት የባለሙያው ሥራ ነው። የኬላው ቤት፣ ጣሪያው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ቁልፉና መዝገቡ ግን የመሪዎችን ዓይን የሚፈልግ ጉዳይ ነው። ከሁሉም ይልቅ በዘይት የተዘጋጁ መርፌዎች ይህን ክትትል ይሻሉ። ምክንያቱም የእነዚህ መድኃኒቶች ብልሽት ለዓይን ቶሎ የማይታይ ከመሆኑም በላይ አያያዛቸው በውሃ ከተዘጋጁት የሚለይበት ነገር አለ።

በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ በውሃ የተበጠበጠ እንዳልሆነ መታወቅ ይኖርበታል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ እና ኢ በተፈጥሯቸው የሚሟሙት በቅባት እንጂ በውሃ ስላልሆነ ከፊሉ የቫይታሚን መርፌ በዘይት ይሠራል። አሞክሲሲሊን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ደግሞ ውሃ ሲነካው ውሎ አድሮ የሚፈርስ ነው። ስለዚህ ረጅም ጊዜ የሚሠራው ዓይነት በዘይት ውስጥ እንደ ደቃቅ ዱቄት ተበትኖ ይዘጋጃል። ዘይቱ ከውሃ ይጠብቀዋል፤ ከተወጋም በኋላ መድኃኒቱ ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲለቀቅና ለሁለት ቀን ያህል እንዲሠራ ያደርገዋል። ከከብቶችና ከዶሮዎች ክትባቶችም መካከል ከዘይት ጋር ተደባልቀው እንደ ወተት የነጡ አሉ።

ለዚህ ተግባር የሚውለው ዘይት እጅግ የተጣራና ከጀርም የጸዳ ይሁን እንጂ ምንጩ እንግዳ አይደለም። ከሰሊጥ፣ ከጥጥ ፍሬ፣ ከኦቾሎኒ፣ ከጉሎ ወይም ከኮኮናት የሚገኝ ነው። በሁመራና በመተማ ሜዳ የሚመረተው ሰሊጥ ዘሩ ውስጥ ዘይቱ ቶሎ እንዳይከረፋ የሚያግዝ ንጥረ ነገር አለው፤ የመድኃኒት ሠሪዎች የሰሊጥ ዘይትን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እርግጥ ነው ወፍራምና ቢጫ የሆነ መርፌ ሁሉ ዘይት አይደለም። ረጅም ጊዜ የሚሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊንም ሆነ አይቨርሜክቲን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጁት በሌሎች ፈሳሾች ነው። አርቢው ገበሬ «ዶክተር፣ ያችን ቢጫዋን ውጋልኝ» ቢልም የመድኃኒቱን ማንነት የሚናገረው ቀለሙ ሳይሆን ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

የዘይት ጠባይ ለማንኛዋም የቤት እመቤት የታወቀ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ዘይት ይከረፋል፤ ጣዕሙም ሽታውም ይለወጣል። በብልቃጥ ውስጥ ያለው ዘይትም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ሲገናኙ ዘይቱን ቀስ በቀስ ይለውጡታል፤ በውስጡ ያለውንም መድኃኒት ያደክሙታል። ቫይታሚን ኤ በተለይ ብርሃንና አየር የማይችል ነው። ብልቃጦች ብዙውን ጊዜ ቡናማ ሆነው መሠራታቸውና በካርቶን ተጠቅልለው መምጣታቸው ለዚህ ነው። በአንዳንድ መደብሮች ግን ለማማር ሲባል ብልቃጦቹ ከካርቶናቸው ወጥተው በመስኮት ትይዩ ይደረደራሉ። ካርቶኑ የብልቃጡ ልብስ ስለሆነ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ድረስ ከላዩ ላይ መውለቅ የለበትም። ከዚህም ጋር መመሪያው ያለው ካርቶኑ ውስጥ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ስለ ሙቀቱ መጠን አብዛኞቹ በዘይት የተዘጋጁ መድኃኒቶች ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንዳንዶቹም ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ በጽሑፋቸው ላይ ያመለክታሉ። ይህ በደጋና በወይና ደጋ ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በቀትር ፀሐይ ሥሩ ያለውን አየር ከውጭው ይበልጥ ያግለዋል፤ ከፍ ብሎ የተሠራው የላይኛው መደርደሪያም የቤቱ ሁሉ ሙቅ ሥፍራ ይሆናል። ብዙ ሰው መድኃኒት ከልጆች እንዲርቅ ብሎ የሚያስቀምጠው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። በጭቃ የተመረገ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ክፍል በዚህ ረገድ ከአዲሱ የቆርቆሮ ቤት ሊሻል ይችላል። ቆርቆሮ ከሆነም ኮርኒስ ማድረግ፣ ቁም ሣጥኑን ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ከወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ ማቆምና ቁልፍ ማበጀት ይቻላል። ሙቀቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣባቸው እንደ መተማ ባሉ ቆላዎች ግን የቤቱ አሠራር ብቻ አይበቃም። እዚያ መፍትሔው በኬላው ብዙ አለማከማቸትና የሚፈለገውን ያህል ብቻ ከወረዳው ክሊኒክ በየጊዜው ማምጣት ነው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ቴርሞሜትር ተሰቅሎ በቀትር ቢነበብ ክርክሩን ሁሉ ይፈታዋል።

መድኃኒቱ በመንገድ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜም አይረሳም። በበቅሎ ኮርቻ ላይ የተንጠለጠለ ወይም በሞተር ብስክሌት መቀመጫ ላይ የታሰረ ቦርሳ ግማሽ ቀን ፀሐይ ሲመታው፣ ለወራት በጥንቃቄ የተያዘው መድኃኒት በዚያው ቀን ሊደክም ይችላል። በገበያ ቀን ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ከምላጭና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ስለሚሸጠው መርፌ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ያ መድኃኒት ስንት ገበያ እንደ ዞረ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ እርሱም አይናገርም።

ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ዘይት ይወፍራል፤ አልፎ አልፎም መድኃኒቱ እንደ ጨው ፍሬ ረግቶ ከሥር ይታያል። እንዲህ ያለውን ብልቃጥ ወዲያው መጣል ተገቢ አይደለም። እሳት ላይ መጣድ ግን ከመጣል የባሰ ነው። ብልቃጡ በመዳፍ ተይዞ ወይም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ክዳኑ ሳይነካ ቆሞ ሲሞቅ የረጋው ከሟሟና ዘይቱ እንደ ቀድሞው ከጠራ ባለሙያው አይቶ ሊጠቀምበት ይችላል። ካልጠራ ይወገዳል። ዱቄቱ በዘይት ውስጥ የተበተነው ዓይነት፣ ለምሳሌ ረጅም ጊዜ የሚሠራው አሞክሲሲሊን፣ ሁልጊዜም ከሥር ይዘቅጣል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ጠባዩ ነው። ሳይወዘወዝ ከተቀዳ ግን የመጀመሪያው በሬ ዘይት፣ የመጨረሻው ደግሞ ከመጠን በላይ የሆነ መድኃኒት ይወጋል።

ማቀዝቀዣ ባለበት ቦታ ሁሉን ነገር እዚያ መክተት ጥንቃቄ ይመስላል። አይደለም። በተራ ቀዝቃዛ ክፍል መቀመጥ የሚገባው የዘይት መድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ያለ ጥቅም ይወፍራል፤ የክትባቱንም ቦታ ይይዛል። ከዘይት ጋር የተደባለቀ ክትባት ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሆነም ያበቃለታል። ውሃውና ዘይቱ ይለያያሉ፤ ቢወዘወዝም ተመልሶ አንድ አይሆንም። ስለዚህ ከበረዶ ማሠሪያው ክፍል ጋር ተጣብቆ እንዳይቀመጥ መለየት ያስፈልጋል።

የተከፈተ ብልቃጥ

እስካሁን የተባለው ስላልተከፈተው ነው። ብዙው ጥፋት የሚደርሰው ግን መርፌ ክዳኑን ከበሳ በኋላ ነው። በተደጋጋሚ የተበሳ የጎማ ክዳን ይላላል፤ ከጎማውም ፍርፋሪ ወደ ዘይቱ ይገባል። ከዚህ የከፋው ልማድ ደግሞ ለመቅዳት ይመቻል ተብሎ መርፌው ክዳኑ ላይ እንደ ተሰካ መተዉ ነው። ይህ ብልቃጡን ያለ ክዳን ከመተው አይለይም፤ አየሩም አቧራውም በቀዳዳው ይገባል። ከእያንዳንዱ መቅዳት በፊት ክዳኑ በአልኮል ተጠርጎ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ንጹሕ መርፌ መጠቀምና ብልቃጡን ምንጊዜም አቁሞ ማስቀመጥ ይገባል። ተጋድሞ የተቀመጠ ብልቃጥ ዘይቱን ከተበሳው ጎማ ጋር ስለሚያገናኘው ማንጠባጠብና ቆሻሻ መሰብሰብ ያመጣል።

ሌላው፣ ጥንቁቅ ሠራተኞች እንኳ የሚሳሳቱበት ነገር የሲሪንጁ እርጥበት ነው። ተቀቅሎ የሚሠራ ሲሪንጅ ከውሃው ወጥቶ ሳይደርቅ ቢቀዳበት ጥቂት ጠብታ ውሃ ወደ ዘይቱ ይገባል። ውሃው ለጀርም መራቢያ ይሆናል፤ አሞክሲሲሊኑንም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያፈርሰዋል። ሠራተኛው ለንጽሕና ያደረገው ነገር መድኃኒቱን አበላሸ ማለት ነው። ለዘይት መድኃኒት ሲሪንጁም መርፌውም ንጹሕ ብቻ ሳይሆን ደረቅ መሆን አለበት። ደፍርሶ ያልጠራ፣ ቀለሙ የጠቆረ፣ የከረፋ ወይም ውሃ መሰል ጠብታ ከሥሩ የሚታይበት ብልቃጥ አይወጋም። ጀርም የገባበት ዘይት ከተወጋ በኋላ በቦታው ላይ እባጭና መግል ያወጣል። የበሬው አንገት ወይም ጭን ያበጠበት ምክንያት ብዙ ጊዜ «ደሙ አልተስማማውም» እየተባለ ይታለፋል።

አንዴ የተከፈተ ብልቃጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ ዘንድ 28 ቀን ነው። ብልቃጡ ላይ የታተመው ማብቂያ ሩቅ ቢሆንም ከተከፈተ ወዲህ የሚሠራው ይኼኛው ነው። እዚህ ላይ የግዢው ነገር ይመጣል። ረጅም ጊዜ የሚሠራው 15 በመቶ አሞክሲሲሊን ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ስለሚሰጥ 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ 25 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። የ100 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ለአራት በሬ ብቻ ነው። በወር ውስጥ አንድና ሁለት ከብት ብቻ በሚታከምበት ኬላ ትልቁን ብልቃጥ በርካሽ መግዛት ግማሹን ለመጣል መግዛት ይሆናል። ግማሹ ሲጣልም አይታይም፤ አብዛኛውን ጊዜ «ያሳዝናል» ተብሎ ሦስት ወር ቆይቶ ይወጋል። ትንሹ ብልቃጥ ዋጋው ከፍ ቢልም ለአነስተኛ ኬላ እርሱ ይመረጣል።

ቀኑን ስለ ማንበብ

የዘመን አቆጣጠሩን ጉዳይ ማንም ማንበብና መደመር የሚችል ሰው በአንድ ቀን ይማረዋል። በእንግሊዝኛ ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ የሚሉ ሦስት ፊደላት ያሉበት ቁጥር የማብቂያው ነው፤ ኤም፣ ኤፍ፣ ጂ ወይም ኤም፣ ኤፍ፣ ዲ የሚሉት ያሉበት ደግሞ የተሠራበት ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም። የወሩ ቁጥር 1 ከሆነ ጥር፣ 2 የካቲት፣ 3 መጋቢት እያለ እስከ 8 ነሐሴ ይዘልቃል፤ 9 መስከረም፣ 10 ጥቅምት፣ 11 ኅዳር፣ 12 ታኅሣሥ ይሆናል። ዓመቱን ለማግኘት ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 መቀነስ፣ ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 መቀነስ ነው። በዚህ መሠረት 03/2026 ማለት መጋቢት 2018 ሲሆን 11/2026 ማለት ኅዳር 2019 ነው። የፈረንጆቹ ወር የሚያልቀው የእኛ ወር ከተጋመሰ ጥቂት ቀናት በኋላ ስለሆነ፣ ወሩ ሲጋመስ መድኃኒቱ እንዳበቃ መቁጠር ከስሕተት ያድናል። ዓመቱ 26 ተብሎ በሁለት አኃዝ ብቻ የሚጻፍበትም ጊዜ አለ።

የተሰላው ቀን ሣጥኑ በደረሰ ዕለት፣ ባለሙያው ባለበት፣ በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ በአማርኛ «እስከ መጋቢት 2018 ዓ.ም.» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ። ብልቃጡ ሲከፈትም የተከፈተበት ቀን ይጨመርበታል። ቀድሞ የሚያበቃው ከፊት፣ ዘግይቶ የሚያበቃው ከኋላ ይደረደራል። አዲስ የመጣውን ከፊት መደርደር የመደብር ሠራተኛ ሁሉ ልማድ ስለሆነ ይህን ደጋግሞ ማየት ያሻል። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ሁለት የኮሚቴ አባላት ከባለሙያው ጋር ሆነው ሣጥኑን ከፍተው መዝገቡንና ብልቃጡን ቢያስተያዩ ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ቀኑ ያለፈውን መድኃኒት «ዘይት ነው፣ ምን ይሆናል» ብሎ ማቆየት፣ ወይም ብልቃጡን ቀቅሎ ለማደስ መሞከር ከንቱ ነው። ጥሩ አቀማመጥ መድኃኒቱን እስከ ቀኑ ያደርሰዋል እንጂ ቀን አይጨምርለትም።

የመዝገቡ ጥቅም በዚህ አያበቃም። የዘይት መድኃኒት ከሥጋና ከወተት ቶሎ አይወጣም። ስንት ቀን ወተቱ እንደማይጠጣና ከብቱ እንደማይታረድ መመሪያው ላይ አለ፤ ያም ቀን ተቆጥሮ ለባለቤቱ በቃል ብቻ ሳይሆን በወረቀት ሊሰጠው ይገባል። ለፋሲካ ቅርጫ የታሰበ ሠንጋ በሁዳዴ መጨረሻ ታሞ ቢወጋ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን ሥጋውን የሚከፋፈሉት ቤተ ሰቦች ሁሉ ነው።

አንድ አደጋ በተለይ መነገር አለበት። በማዕድን ዘይት የተዘጋጀ ክትባት በስሕተት የሰው ጣት ላይ ቢወጋ፣ መጠኑ ጥቂት ቢሆንና ቁስሉ ባይታይ እንኳ፣ ጣቱን በከባዱ ሊያሳብጥ፣ ደም እንዳይዘዋወርም ሊያግድ ይችላል። ሕክምናው በቶሎ ካልተደረገ ጣት እስከ ማጣት ይደርሳል። ከብት የሚይዙ ወጣቶች ባሉበት የክትባት ዘመቻ ላይ ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። የተወጋው ሰው ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያለበት ሲሆን የክትባቱን ካርቶንና መመሪያ ይዞ መሄዱ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። እጁን በሎሚ አሽቶ ቤት መቀመጥ አይገባም።

የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ከፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ከማዳበሪያና ከነዳጅ ጋር በአንድ ክፍል ባይሆን ይመረጣል። መድኃኒት ከብልቃጡ ወደ ሌላ ጠርሙስ መገልበጥ በማንኛውም ምክንያት መከልከል አለበት፤ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ቢጫ ዘይት ልጅ አግኝቶ እንደሚጠጣው መገመት አያዳግትም። ባዶውንም ብልቃጥ ለኩራዝ፣ ለቅመም ወይም ለጠበል ማስቀመጫ መውሰድ በየቤቱ የተለመደ ነው። ከክዳኑ ሥርና ከጠርዙ የማይለቅ ቅባት ስለሚኖር አይቻልም። ቀኑ ያለፈበትም ሆነ የተበላሸው መድኃኒት ወንዝ ወይም የከብት መጠጫ አጠገብ አይጣልም፤ ተቆጥሮ ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይመለሳል። የተመለሰው ብልቃጥ ቁጥርም ከመዝገቡ ላይ ተሰርዞ በጎኑ የተቀባዩ ፊርማ ያርፍበታል።